አያ ፈንቴ የወተፉት ስቱዲዮ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ ጎረቤቱ ገንዘብ ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ከሦስት ቤት ማዶ የሚሰማ። ሰምቶም ዝም አይልም። ጫማውን አጥልቆ ይመጣል። ምን ልትገዛ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ስትነግረው መርዶ እንደሰማ ሰው ፊቱ ይጨልማል፤ ከዚያም በግቢህ ውስጥ ተሰባብሮ የተጣለውን ነገር ሁሉ በዓይኑ ይቃኛል። እንዲህ ዓይነት ሰው በእኛ ሰፈር የለም የሚል ካለ፣ ሰውየው ራሱ እሱ ነው።

በሱዳን ጠረፍ ባለችው በሽንፋ እኚህ ሰው አያ ፈንቴ ይባላሉ። ከተማው «መሐንዲሱ» ይላቸዋል። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ መልሶ የወሰደባቸውም የለም። የሙያ ስማቸው ግን ወታፊ ነው። ሰሊጥ እንደ ውኃ የሚፈስ እህል ስለሆነ፣ መኪና ሰሊጥ ከመጫኑ በፊት የካሶኒው፣ የጭነት ሣጥኑ፣ ስንጥቅ ሁሉ መደፈን አለበት፤ አለዚያ መኪናው ጎንደር እስኪደርስ መንገዱን ለወፍ እየዘራ ይሄዳል። አያ ፈንቴ በእንብርክካቸው ካሶኒው ውስጥ ገብተው፣ በአሮጌ ጨርቅ፣ በጆንያ ቅዳጅ፣ በጭቃና በእበት ቀዳዳውን አንድ በአንድ ይወትፋሉ። ሲጨርሱ አንድ እፍኝ ሰሊጥ ይበትኑና ከመኪናው ሥር ገብተው በጀርባቸው ይተኛሉ። ፊታቸው ላይ አንዲት ፍሬ ካልወደቀች «ይሂድ» ይላሉ፤ መኪናውም ይሄዳል። በዚህ ሥራ የሚስተካከላቸው የለም። ችግሩ ዓለም በሙሉ ካሶኒ የሚመስላቸው መሆኑ ነው።

«ምን በወጣህ ትገዛለህ፣ እኔ እያለሁ» ይላሉ። ይህን ቃል የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ነገር ማቆም አይችልም።

ባለሱቁ ጀይሉ አንድ ጊዜ የውኃ ታንከር ሊገዛ አስቦ ነበር። አያ ፈንቴ የናፍጣ በርሜል በአመድና በአሸዋ ፈግፍገው፣ ቧንቧ ቀጥለው፣ ጣሪያው ላይ ሰቀሉለት። የጀይሉ ቤት ሻይ እስከ ክረምት ድረስ ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር። አያ ፈንቴ መጥተው ቀመሱና፣ ነውሩ ታይቷቸው ሳይሆን ጥቅሙ ታይቷቸው፣ የወባ ትንኝ እንኳ አይቀርበውም ብለው ሄዱ። ፉል ቤት ያላት መጂዳ ደግሞ ማቀዝቀዣ አማራት። ከሸክላና ከእርጥብ ጆንያ ሣጥን ሠሩላት። በእውነት ያቀዘቅዝ ነበር፤ ፍየል ጆንያውን እስክትበላው ድረስ።

«ያ ዞል፣» አለቻቸው መጂዳ፣ ሱዳኖች ሰው በሚጠሩበት አጠራር፤ «እኔ የፈለግሁት ማቀዝቀዣ ነው። የፍየል ግጦሽ ነበረኝ እኮ።»

አያ ፈንቴ ጥፋቱን በፍየሏ ላይ አድርገው፣ ጆንያውን በበርበሬ ውኃ ዘፍዝፈው መለሱላት። ፍየሏ ተወች። ለስላሳው ግን በርበሬ በርበሬ ማለት ጀመረ። ለዚህ ሁሉ ድካም አንድ ብር ተቀብለው አያውቁም። ልክፈል ያላቸውን ሰው፣ እንደ ሌባ የቆጠራቸው ያህል ይቀየሙታል።

እየሩስ በእሳቸው እጅ የወደቀችው በእናቷ ጉሮሮ ምክንያት ነው።

እየሩስ ዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አላት። ስልክ ትጠግናለች፤ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ ለሚወርዱ ሠራተኞች የየአገራቸውን ዘፈን ሚሞሪ ላይ ትጭናለች። እናቷ ታንጉት አልቃሽ ናት፤ ከሽንፋ እስከ ገለጉ ባለው አገር ሰው ሲሞት የምትጠራ፣ የሟቹን ጠባይ በሁለት ስንኝ የምታስቀምጥ። የታንጉትን ሙሾ የፈሩ ብዙ ሰዎች በስተእርጅናቸው ጠባያቸውን አሳምረዋል ይባላል። ባለፈው ዓመት አንገቷ ላይ የነበረው እንቅርት እየገፋ መጥቶ ትንፋሽ ይከለክላት ጀመር። ጎንደር ያየው ሐኪም መውጣት አለበት አለ፤ የድምፅ ጅማት እዚያው አጠገብ ስለሆነ እንጠነቀቃለን፣ ድምፅሽ እንደ ድሮው ይመለሳል ብዬ ግን አልምልም አለ። ቀጠሮው ለታኅሣሥ ተቆረጠ።

«ጥሩ ልጅ ነው» አለች ታንጉት ሲመለሱ። «አልቃሽ ይወጣው ነበር። ያለቀውን ነገር ቀስ አድርጎ ይናገራል።»

እየሩስ ግን አልሳቀችም። የእናቷ ድምፅ ስልኳ ላይ ብዙ አላት፤ ሁሉም በየለቅሶ ቤቱ የተቀዳ ነው። በአንዱ ውሻ ይጮኻል፤ በአንዱ ሰው ሁሉ እየዬ ሲል የታንጉት ቃል ይጠፋል፤ በአንዱ ስለ ድንኳን ኪራይ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ከሟቹ በላይ ይሰማሉ። እየሩስ ድምፅ ስትሰማ የምትውል ሰው ናት፤ ንጹሕ ቅጂ ምን እንደሆነ ታውቃለች። እናቷ ወደ ጎንደር ከመሄዷ በፊት፣ ምንም ያልተቀላቀለበት፣ ቃሉ አንድ በአንድ የሚሰማ አንድ ቅጂ ፈለገች። አንድ ብቻ። የደከመ ላፕቶፕ ነበራት፤ ያገለገለ ማይክ ገዛች። ቀረጻውን ከሱቋ በስተኋላ ባለችው ክፍል ልታደርገው አሰበች። ክፍሏ ግን ከአንድ ወገን ወፍጮ ቤት፣ ከሌላው መኪና መንገድ፣ ከላይ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው የሚንጣጣ ቆርቆሮ ነበራት።

ጎንደር ለአንድ ነጋዴ ደውላ ለግድግዳ የሚሆን ስፖንጅ ጠየቀች። ዋጋውን ሰምታ ስልኩን ሳትዘጋ አያ ፈንቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ስፖንጅ» አሉ። «ፍራሽ ማለትሽ ነው?»

እንደ ፍራሽ ነው፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል አለቻቸው።

«ግድግዳው ሊተኛ ነው?»

ነገሩን አስረዳቻቸው። ዋጋውን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ያንኑ «እኔ እያለሁ» የሚለውን ቃላቸውን ተናገሩ። እየሩስ የጀይሉን ሻይም የመጂዳን ለስላሳም ቀምሳለች። ሆኖም የስፖንጁን ዋጋ ሰምታለች፤ የሐኪሙንም ወጪ ታውቃለች። ዝም አለች። ዝምታ ደግሞ ከአያ ፈንቴ ጋር ውል መፈረም ነው።

መጀመሪያ እሷ ራሷ ኢንተርኔት ላይ ያየችውን አቀረበች፤ ችግረኛ ባለስቱዲዮ ሁሉ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። አያ ፈንቴ ነገሩን ሳይፈትኑ ሊቀበሉት አልፈቀዱም። መጂዳ ፉል ቤት ሄደው አንድ ካርቶን ጆሯቸው ላይ ደገኑና፣ በወዲያ በኩል ሆና እንድትናገር አዘዟት። መጂዳ የመጣላትን ተናገረች። አያ ፈንቴ ሁሉንም ሰሙ፤ ሊሰሙት ያልፈለጉትንም ጭምር። ካርቶኑን ከጆሯቸው አውርደው መለሱላት።

«ድምፅ ማለት ሰሊጥ ነው» አሏት ለእየሩስ ተመልሰው ሲመጡ። «ሰሊጥ የማታልፍበት ቤት ድምፅ አያልፍበትም።»

የሚያናድደው፣ ከተናገሩት ግማሹ ልክ መሆኑ ነበር። እየሩስም ብታነብ ብታነብ ሁሉም የሚጀምረው ቀዳዳ ድፈን በማለት ነው። የቀረው ግማሽ ምን እንደሚያመጣ ግን ያነበበችው የትኛውም ጽሑፍ አልነገራትም፤ የጻፉት ሰዎች ሽንፋን አያውቋትም።

ሥራው ተጀመረ። አያ ፈንቴ ክፍሏን እንደ ካሶኒ በእንብርክክ ዞሯት። ከበሩ ሥር አሸዋ የተሞላ የጆንያ ቱቦ ሰፍተው አጋደሙ። መስኮቱን በጡብና በጭቃ መረጉት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ላይ ሄደ። በቆላ ቤት ግድግዳው እስከ ቆርቆሮው አይደርስም፤ ዙሪያውን ነፋስ የሚገባበት ክፍተት ይተዋል። ሰው በዚህ አገር ሳይበስል የሚያድረው በዚያ ክፍተት ነው። አያ ፈንቴ ለዚያ ክፍተት ርኅራኄ አልነበራቸውም። በጨርቅና በጭቃ ደፈኑት። እየሩስ በምን ልንተነፍስ ነው ብላ ጠየቀች። የምታዘፍኛት እናትሽን ነው፣ ለመተንፈስማ ግቢው ሞልቶ የለም ወይ አሏት።

ቀጥሎ ፍተሻ ሆነ። መሐንዲሱ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉና፣ እየሩስን ከውጭ ግድግዳው ላይ ሰሊጥ እንድትረጭ አደረጓት። አንዲት ፍሬ አልገባችም። አያ ፈንቴ ጢማቸው ውስጥ ሳይቀር ፈልገው አጡ፤ ፈገግ ብለው ወጡ። የተረጨውን ሰሊጥ ግን የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ሰማ። ሳምንቱን ሙሉ ስቱዲዮውን ከበው ሲጭሩና ሲንጫጩ ሰነበቱ፤ ሰሊጡ አልቆ እንኳ ተስፋ አልቆረጡም። ወፍጮው አነሰ፣ ዶሮ ተጨመረ።

ዶሮን ለማሸነፍ ግድግዳው መወፈር አለበት ተባለ። አያ ፈንቴ ከአንድ ማሳ፣ ሰሊጡ ከተራገፈ በኋላ የቀረውን ጭራሮ በጋሪ አስጭነው መጡ። ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቀው እየሰፉ፣ ግድግዳውን ከሥር እስከ ላይ በጆንያ አለበሱት። አምሮ ነበር። ክፍሏ ሙሉ ጭነት የተጫነች መኪና መሰለች። በነጋታው እየሩስ ማይኩን ከፍታ የጆሮ ማዳመጫውን ስታደርግ ወፍጮውም ዶሮውም እንደ ሩቅ ንብ ሆነዋል። ነገር ግን አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ ከውስጥ፣ ከቅርብ፣ ጥርት ብሎ የሚሰማ። ሰሊጥ ክምር ውስጥ የሚኖሩት ጯኺ ፌንጣዎች ከነጭራሮው መጥተው ጆንያው ውስጥ ሰፍረዋል። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል። አያ ፈንቴ ማዳመጫውን አድርገው በጥሞና ሰሙና፣ ፌንጣውን ለብቻ ቢሸጡት የሚገዛ አይጠፋም ወይ ብለው ጠየቁ።

እየሩስ ያን ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ። ወደ ጎንደር የሚሄዱበት ቀን ደርሷል። እናቷ ሌሊት ስትተኛ ትንፋሿ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል።

«አያ ፈንቴ፣» አለቻቸው ድምፅዋን ሳታነሣ፤ «እኔ የማጣው የእናቴን ድምፅ ነው። እርስዎ የሚያጡት ጆንያ ነው።»

አያ ፈንቴ ማዳመጫውን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። እየሩስ ተናግራ ስታበቃ ቆጫት፤ ግን አልተከተለቻቸውም። በማግሥቱ ማለዳ ጆንያዎቹ ሁሉ ግቢ ውስጥ ተተርትረው፣ ጭራሮው ወጥቶ፣ ባዶአቸውን ተገልብጠው ፀሐይ ላይ ነበሩ። አያ ፈንቴ ከጥጥ ገበሬው ከደረበ ማሳ ላይ ለቀማ ያመለጠውን ጥጥ ሲለቅሙ አድረው፣ ተሸክመው መጥተዋል። እጃቸው በጥጡ ቅርፊት ተቧጭሮ ደምቷል። ጥጡን ጠቀጠቁ፣ ሰፉ፣ ሰቀሉ፤ «ይሂድ» አሉ።

ቀረጻው ለቅዳሜ ማለዳ ሆነ፤ ቆርቆሮው ሳይግል። ታንጉት ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ ገባች። በጆንያ የተከበበውን ክፍል ዞር ብላ አየችው።

«ይሄ ቤት ነው ወይስ ጉድጓድ?» አለች። «ሰው ስቀብር ኖሬ የራሴን ሳላየው ልቀር ነበር።»

እየሩስ በርጩማው ላይ አስቀመጠቻት፣ ማይኩን አስተካከለችላት፣ በሩን ዘጋች። ማዳመጫውን ስታደርግ ልቧ ዘለለ። ሽንፋ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዝምታ ሰምታ አታውቅም። የእናቷ የቀሚስ ጥለት ሲፋተግ ይሰማል። ዝምታው ግን አልቆየም፤ በሩን ከውጭ እጠብቃለሁ ብለው የቆሙት አያ ፈንቴ በቁልፉ ቀዳዳ በኩል ድምፅ ይወጣል ወይ ብለው ጠየቁ። አይወጣም አለቻቸው። ጥቂት ቆይተው አሁንስ አሉ። ውጭ ከሚሆኑ ውስጥ ቢሆኑ ይሻላል ብላ አስገባቻቸውና ጥግ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እሺ እማ፣» አለች፤ «ጀምሪ።»

ታንጉት ማይኩን አየችው። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሁለተኛ ሞከረች። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። እየሩስ ትንፋሽ እንቢ ያላት መስሏት ደነገጠች።

«የማንን ነው የማለቅሰው?» አለች ታንጉት።

ያሻሽን፣ የሟቹን የአምባውን በይው፣ ያኔ አገር ያስለቀሰውን ሙሾ፣ አለቻት ልጇ።

«አምባውን አልቅሼ ጨርሻለሁ። ሁለተኛ ባለቅሰው ከጉድጓዱ መጎተት ነው። ሬሳ በሌለበት ቤት ሙሾ ማውረድ ደግሞ ሟርት ነው።» ልጇን በሐዘኔታ አየቻት። «ማንን ልግደልልሽ?»

እየሩስ ስለ ቀዳዳ፣ ስለ ወፍጮ፣ ስለ ዶሮና ስለ ፌንጣ አስባለች። ይህን አላሰበችም። በአልቃሽ ቤት ተወልዳ፣ በሙሾ አድጋ፣ ሙሾ ሟች እንደሚፈልግ ረሳች። ድምፁን ብቻ ከሰዎቹ ለይታ፣ ምንም በማይገባበት ቤት ዘግታ ልትይዘው ነበር። ላቧ በጀርባዋ ወረደ። የተወተፈው ክፍል መጋል ጀምሯል፤ ሰኞ ደግሞ መንገድ ናቸው። እንደ ዘፈን በይው፣ ፀሎት በይ፣ ዝም ብለሽ ተናገሪ ብላ ልትለምናት አሰበች፤ ግን የፈለገችው ያን አልነበረም፤ እናቷም ታውቃለች።

ከጥግ አያ ፈንቴ ተነሡ። አቧራቸውን አራገፉ።

«ምን በወጣሽ ሬሳ ትፈልጊያለሽ፣ እትዬ ታንጉት» አሉ። «እኔ እያለሁ።»

ጥግ ላይ የቆመችውን የጠፍር አልጋ መሐል ላይ ዘረጉ። ጫማቸውን አወለቁ፤ ጎን ለጎን አድርገው አስተካከሉት። በጀርባቸው ተጋደሙ፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሕይወታቸው ብዙ ጊዜ መኪና ሥር ተኝተዋልና አተኛኘቱ ይችሉበታል።

ታንጉት ቆማ አየቻቸው። «አንተ ፈንቴ፣ ሟርት አይሆንብህም?»

«ሟርትን የሚያለቅስለት ሰው ያለው ይፍራ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እኔን ማን ይፈልገኛል።»

እየሩስ ቀስ ብላ የቀረጻውን ቁልፍ ተጫነች። ታንጉት በርጩማውን ወደ አልጋው ራስጌ ሳበች፤ ማይኩን ረሳችው። ጉሮሮዋን በእጇ ደገፍ አድርጋ ጀመረች።

በናፍጣ በርሜል ውኃ ያጠጣን ሰው፣
ዛሬ ማን ወተፈው፣ አፉን ማን ዘጋው።

ከነጠላው ሥር የሟቹ ሆድ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። እየሩስ ከንፈሯን ነከሰች። ታንጉት ግን እየቀለደች አልነበረም፤ ወይም ቀልዱን ወደ ሥራ ቀይራው ነበር። ድምፅዋ ከዚያ ካበጠ አንገት ውስጥ፣ ጎበጥ ብሎ ተነሥቶ፣ ሰፋ ብሎ ወጣ። የፍየሏን ነገር አነሣች፤ ዋጋ ያልተቀበሉባቸውን ቤቶች አነሣች፤ የእሳቸው እጅ ያልነካው ቧንቧና ደጃፍ በሽንፋ እንደሌለ፣ ጠማማ ሆኖ የተሠራው ሁሉ ወደ እሳቸው እንደሚያጎነብስ አለቀሰች።

ሰሊጥ እንዳይፈስ ሲወትፍ የኖረ፣
ነፍሱ የወጣችው የት ቀዳዳ ቀረ።

የሆዱ መንቀጥቀጥ ቆመ። ታንጉት ትንፋሽ ወሰደች፤ ማዳመጫው ውስጥ ትንፋሹ እንደ ጨርቅ መቀደድ ተሰማ። እየሩስ አበቃች ብላ አሰበች። አላበቃችም።

ክረምት ጎርፉ መጥቶ መንገዱን ሲወስደው፣
ፋናዬን ያለ እንባ ላፈር የሰጠው፤
ሁሉን ደፍኖ ደፍኖ አንዷን ያላገኛት፣
ከጎኑ የቀረች ቀዳዳው እሷ ናት።

ፋናዬ የአያ ፈንቴ ሚስት ነበሩ። ከብዙ ዓመት በፊት ገለጉ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሄደው በነሐሴ ሞቱ። ታንጉት ተጠርታ ነበር፤ የተሳፈረችበት መኪና ጭቃ ውስጥ ተይዞ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ሳትደርስ ተመለሰች። ፋናዬ ያለ አልቃሽ፣ በጥቂት ሰው፣ ዝናብ ውስጥ ተቀበሩ። አያ ፈንቴ ከዚያ ሲመለሱ በማግሥቱ ወደ ሥራቸው ገቡ፤ ነገሩን ለማንም አላነሡም። ታንጉትም አላነሣችባቸውም። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሰላም ይባባላሉ፤ ስለ በርሜል ይሟገታሉ። እየሩስ በዚያን ዘመን ልጅ ነበረች፤ ልቅሶ እንደ ዕዳ የሚያድር ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር።

በመጨረሻው ስንኝ መጨረሻው ቃል ላይ፣ ከነጠላው ሥር አንድ ድምፅ ወጣ። ትልቅ አልነበረም። የታፈነ፣ የተሰበረ፣ ሽማግሌ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ሲል የሚያወጣው ዓይነት ነው። በዚያ ክፍል ግን፣ ራሳቸው በወተፉት፣ ጥጥ በጠቀጠቁበት ክፍል፣ የሚደበቅበት ቦታ አልነበረውም።

ታንጉት በመዳፏ ግንባራቸውን ነካች። «ተነሥ እንግዲህ» አለች። «ሞቀኝ።»

በሩን ሲከፍቱት የሽንፋ ነፋስ፣ ወፍጮው፣ ባጃጁ፣ ዶሮው ሁሉ በአንድነት ገቡ። አያ ፈንቴ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አንድ ጆንያ ሲነካኩ ቆዩና፣ ስፌቱ ላልቷል ብለው ክር ፍለጋ ወጡ። እስከ ማታ አልተመለሱም።

እየሩስ ቅጂውን ሰማችው። ወፍጮ የለም። መንገድ የለም። እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ይሰማል። ለወራት የፈለገችው ነው፤ አንዲት ሣግ ብቻ መጨረሻው ቃል ላይ ተደርባበታለች። እናቷን አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚልኝ ብላ ለመነቻት። ታንጉት ሰው ሁለቴ አይሞትም ብላ እንቢ አለች።

ቀዶ ጥገናው ደኅና ሆነ። እንቅርቱ ወጣ፤ ሌሊት በሰላም ትተኛለች። ድምፅዋ ግን እንደ ክር ቀጥኖ፣ ሻክሮ ተመለሰ። ሐኪሙ ጊዜ ስጪው አላት፤ ሰጠችው። በዚያ ክር በሚያህል ድምፅ ልጇን ታዛለች፣ ከመጂዳ ጋር ታማለች፣ በጠዋት ዶሮ ታባርራለች። ሰው ሲሞት ግን ከጥግ ትቀመጣለች። የሚያለቅሱትን ወጣቶች ትሰማለች፤ ሲሳሳቱ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች።

መኪናዎቹ የመጨረሻውን ሰሊጥ ጭነው በሄዱበት ሰሞን፣ አያ ፈንቴ እየሩስ ሱቅ መጡ። ታንጉት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቆባቸውን አውልቀው ያችን ነገር አሰሚኝ አሉ። እየሩስ ከፈተችላቸው። ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ናፍጣው ጋ ሲደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ ትክክል አይደለም፣ በአመድ ታጥቦ ነበር አሉ። መጨረሻው ጋ ሲደርስ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ከዚያ የመጡበትን ተናገሩ። ያ ቀን ሲመጣ አልቃሽ ፍለጋ አትድከሙ፣ ድንኳኑ ውስጥ ይህችን ክፈቷት፣ ሥራው አልቋል አሉ። አንዲት ነገር ብቻ ትውጣላት፤ ያች መጨረሻ ላይ ያለችው የውሻ ግልገል የመሰለች ድምፅ። ሟች በራሱ ለቅሶ ላይ ሲያለቅስ ከተሰማ ሰው ይስቃል።

«እንዳትሞት» አለች ታንጉት በዚያ በቀጠነ ድምፅዋ። ለመሰማት ስትል ወደ እሳቸው ዘንበል ብላ ነው የተናገረችው። «ላንተ የሚሆን ድምፅ አልቀረኝም።»

አያ ፈንቴ እየሩስን አዩ። «ይወጣል?»

እየሩስ ከሰው ቅጂ ላይ ውሻ አውጥታለች። ሳል፣ የመኪና ጥሩንባ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ አንድ ጊዜ አንድ ሙሉ ወፍጮ አውጥታለች። ይህችን ሣግ ለማውጣት፣ አያ ፈንቴ በርጩማው ላይ ተደላድለው ሳይቀመጡ ሥራው ያልቅ ነበር።

«አይወጣም» አለች። «አሠራሩ አይፈቅድም። ከቃሉ ጋር ተጣብቋል፤ እሷ ከወጣች ሙሾው ይበላሻል።»

አያ ፈንቴ ከንፈራቸውን መጠጡ። የላፕቶፑን ጎን ጎን አዩ፤ ከኋላ በኩል ያለውን ቀዳዳ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። የማይወጣ ነገር የለም፣ መላ ይገኝለታል፣ እኔው አስብበታለሁ አሉ። እስኪወጣ ድረስ ግን በዚህ ሁኔታ መሞት እንደማይቻል ተስማሙ።

እየሩስ ላፕቶፑን ዘጋችው።

«ያስቡበት አያ ፈንቴ» አለቻቸው። «አይቸኩሉ።»